ቱንቢና ዲግሪ፤ የመሐንዲስ የተግባር ልምምድ ታሪክ ከእንጦጦ ግርጌ ሲታይ

ከመገናኛ ተነሥቶ በኮተቤ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው የእንጦጦን ሰንሰለት በግራው እያየ ይሄዳል። የካ የምንለው አገር በዚህ ተራራ ግርጌና ወገብ ላይ የሠፈረ ነው። በላይ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ በታች የድንጋይ ካብ፣ ከካቡ በታች ደግሞ ባለፉት ሃያ ዓመታት ውስጥ የበቀሉ ፎቆችና መንገዶች ይታያሉ። ሐምሌ ሲገባ ከተራራው የሚወርደው ውሃ ሁሉንም እያዳረሰ ያልፋል። የአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ እኩሌታ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ የሚጥል ስለ ሆነ፣ በዚህ ዳገት ላይ የሚሠራ መሐንዲስ የሥራው ፈተና የሚደርሰው በእነዚህ ሁለት ወራት ነው።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ መሐንዲሶች የተግባር ትምህርት ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ከቤተ መጻሕፍት አስቀድሞ ሐሳቤ የሄደው ወደዚህ ዳገት ነበር። እኔም የተግባር ልምምዴን ያደረግሁት በዚሁ ሥፍራ ነውና። ጽሑፉ የሚከተለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በአገራችን አንድ ሰው መሐንዲስ የሚሆነው የት ነው? በመማሪያ ክፍል ነው ወይስ በሥራ ቦታ? ጥያቄው ዛሬ የተነሣ አይደለም። ከመቶ ሃምሳ ዓመታት ያላነሰ ዕድሜ አለው።

ከጋፋት እስከ እንጦጦ

በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ያቋቋሙት የብረታ ብረት ሥራ ቦታ፣ በአዲሱ ዘመን ታሪካችን የመጀመሪያው የምሕንድስና የልምምድ ቦታ ነው ለማለት ይቻላል። በዚያ ይሠሩ የነበሩት አውሮፓውያን በስዊስ አገር ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ማሠልጠኛ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። መድፍ የማቅለጥ ሙያ ይዘው አልመጡም። ንጉሠ ነገሥቱ ባዘዟቸው ጊዜ ሞከሩ፤ ከሸፈባቸው፤ እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻም በ1850ዎቹ ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው «ሴባስቶፖል» ተሠራ። በዚያው ሥራ ላይ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከእነርሱ ጎን ሆነው የብረት ማቅለጥን፣ የጋሪ ሥራንና የአናጢነትን ሙያ ተምረዋል። በጋፋት መምህሩም ተማሪውም ከአንዱ እሳት ፊት ቆመው ነበር፤ ሁለቱም ከክሽፈቱ ተማሩ። ከመቅደላ በኋላ ግን የሥራ ቦታው ፈረሰ፤ ሙያውም ተቋም ሳያገኝ ተበተነ። ይህ «የተማረው ሰው አለ፤ የሚያስተምረው ቦታ ግን ጠፋ» የሚያሰኝ ሁኔታ በታሪካችን ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ነው።

ከጋፋት ወደ እንጦጦ ስንሻገር የምናገኘው ሰው አልፍሬድ ኢልግ ነው። ኢልግ በ1846 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1854) በስዊስ አገር በፍራውንፌልድ ተወለደ። ብዙዎቻችን የምናውቀው የምኒልክ አማካሪና የባቡር ሐዲዱ ጠንሳሽ መሆኑን ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ኢልግ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና ከመማሩ በፊት በብረት ሥራ የእጅ ሙያ ልምምድ ያለፈ ሰው ነበር። መሮና ሞረድ ከያዘ በኋላ ነው እርሳስና ማስመሪያ የያዘው። በ1871 ዓ.ም. ከሁለት የስዊስ የእጅ ባለሙያዎች ጋር ወደ ሸዋ በመጣ ጊዜ ምኒልክ በመጀመሪያ የፈተኑት በወረቀት ላይ ባሰፈረው ንድፍ ሳይሆን በእጁ ሠርቶ በሚያሳየው ነገር እንደ ነበረ ይነገራል።

ኢልግ በዚህ ከተማ ላይ ከተዋቸው ሥራዎች አንዱ በ1880ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ከእንጦጦ ተዳፋት ላይ ውሃ ጠልፎ በቧንቧ እስከ ቤተ መንግሥቱ ማድረሱ ነው። ውሃው ከተራራው ወርዶ ሸለቆውን ካቋረጠ በኋላ እንደገና ወደ ግቢው ኮረብታ መውጣት ነበረበት። ውሃ ዳገት አይወጣም ብሎ ለሚያምን ሕዝብ ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ሆነ፤ ስለ ጉዳዩም ግጥም ተገጥሟል። ለእኛ ግን ምሥጢሩ ግልጽ ነው። የምንጩ ከፍታ ከመድረሻው ከፍታ እስከ በለጠና በቧንቧው ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋው ኀይል ከከፍታው ልዩነት እስካልበለጠ ድረስ ውሃው በራሱ ግፊት ይወጣል። በሸለቆው ግርጌ ያለው ቧንቧና መገጣጠሚያ ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ግፊት መሸከም አለበት። ቀመሩን በዙሪክ የተማረው ሰው፣ በሸለቆው ውስጥ የማያፈስ መገጣጠሚያ ለማሠራት የእጁን ሙያ መጥራት ግድ ሆኖበታል። ያን ቧንቧ የተሸከሙት፣ ቦዩን የቆፈሩትና የገጠሙት ኢትዮጵያውያን ናቸው። ስማቸው ግን በታሪክ መዝገብ ላይ አልሠፈረም።

ድርጅቱ ትምህርት ቤት በሆነበት ዘመን

ከዚያ በኋላ ባሉት አምሳ ዓመታት የምሕንድስና ትምህርት ቤት በአገራችን አልነበረም። ነገር ግን የሚያስተምሩ ድርጅቶች ነበሩ። የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ ኩባንያ ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የድሬዳዋ ጋራዦች አያሌ ኢትዮጵያውያን መካኒኮች፣ ብየዳ ሠራተኞችና የብረት ባለሙያዎች የወጡባቸው ትምህርት ቤቶች ሆኑ። ልጅ ከአባቱ፣ ረዳት ከአለቃው የሚማርበት ሥርዓት ነበረ። የጎደለው ነገር ግን አንድ ነው። ሠራተኛው እጁ ቢሠለጥንም ወደ ንድፍ ክፍሉ የሚያደርሰው መሰላል አልነበረውም። የንድፉ ሥራ በውጭ አገር ሰዎች እጅ ቆየ።

ከጠላት ወረራ በኋላ ሁኔታው በሁለት መንገድ ተለወጠ። በአንድ በኩል ትላልቅ የመንግሥት ድርጅቶች ተቋቋሙ። በ1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተዋዋለው መሠረት አውሮፕላን ብቻ አልገዛም፤ ኢትዮጵያውያንን በየሥራ ደረጃው ለማሠልጠንም ተስማማ። ጊዜ ወሰደ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሥራውን ተረከቡ። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በዓለም ባንክ ብድርና በአሜሪካ የመንገድ ባለሙያዎች እየተረዳ ሥራውን ጀመረ፤ በዓለም ገናም ማሠልጠኛ አቋቋመ። ቀያሽ፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ የከባድ መሣሪያ ነጂና መሐንዲስ በአንድ ሥራ ላይ ተገናኝተው የሚማማሩበት ድርጅት ስለ ነበረ፣ ከዚያ የወጡ ሰዎች ለብዙ ዘመን የአገሪቱን የግንባታ ሥራ ሲመሩ ኖረዋል።

በሌላ በኩል ከፍተኛው ትምህርት ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1952 የምሕንድስና ኮሌጅ ሲከፈት ትምህርቱ የሁለት ዓመት ነበር፤ ተማሪዎቹ ቀሪውን በውጭ አገር ይጨርሱ ነበር። ቆይቶ ሙሉ የዲግሪ ትምህርት እዚሁ መሰጠት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ደግሞ ከመነሻው ሌላ ጠባይ ነበረው። የኮሌጁ ትምህርት ከአገሩ የግንባታ ዕቃ ምርመራና ከሥራ ቦታ ጋር የተጣመረ ነበር። ስለ ድንጋይ፣ ስለ ጭቃና ስለ ባሕር ዛፍ በላቦራቶሪ የተመረመረው ነገር በገጠር ትምህርት ቤቶች ግንባታ ላይ ይፈተን ነበር። ከተማሪው የሚጠበቀው ማስላት ብቻ አልነበረም፤ ሠርቶ ማየትም ጭምር ነው።

በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለውን ሥርዓት ጀመረ። ማንኛውም ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በአገሪቱ ውስጥ እንዲያገለግል ታዘዘ። ዓላማው ከፍተኛ ነበር። ነገር ግን የመምህራን እጥረት ስለ ነበረ አብዛኞቹ ተማሪዎች በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሪዎች ሆነው ተሰማሩ። ብዙዎች አገራቸውን ያወቁት በዚያን ዓመት እንደ ሆነ ይመሰክራሉ። አገርን ማወቅ ትልቅ ትምህርት ነው፤ የምሕንድስና ልምምድ ነው ለማለት ግን አይቻልም። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲሄዱ የመደበኛው ትምህርት ሂደት ተቋረጠ። እንግዲህ ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ይፈሱ ነበር። ድርጅቱ እጅን ያሠለጥናል፤ ኮሌጁ አእምሮን ያሠለጥናል። ሁለቱ የሚገናኙት ተመራቂው ሥራ ከያዘ በኋላ፣ ያውም በአጋጣሚ፣ ጥሩ አለቃ ካገኘ ብቻ ነበር።

ሌሎች አገሮች ሁለቱን ወንዞች እንዴት አገናኙ?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1906 በአሜሪካ የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሔርማን ሽናይደር 27 ተማሪዎችን መርጦ ጊዜያቸውን በመማሪያ ክፍልና በፋብሪካ መካከል እንዲያፈራርቁ አደረገ። በእንግሊዝ አገር በሰንደርላንድ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ትምህርት ተጀምሮ ነበር። በጀርመን አገር በባደን ቩርተምበርግ እ.ኤ.አ. በ1974 እንደ ዳይምለር ቤንዝና ቦሽ ያሉ ኩባንያዎች የገቡበት ጥምር ትምህርት ተቋቋመ። በእንግሊዝ አገርም ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ወጣቱ ከመጀመሪያው ቀን የድርጅቱ ተቀጣሪ ሆኖ፣ ደመወዝ እየተቀበለ፣ ከሳምንቱ ጥቂቱን ጊዜ ለዩኒቨርሲቲ ሰጥቶ ሙሉ ዲግሪ የሚይዝበት ሥርዓት ተከፈተ።

የቅርብ ዘመኖቹን ሁለት ሥርዓቶች፣ የጀርመኑንና የእንግሊዙን፣ የሚያመሳስላቸው ነገር ውሉ ነው። ድርጅቱ ለወጣቱ ይከፍላል፤ ስለ ከፈለም ያሠራዋል፤ ስለሚያሠራውም ያስተምረዋል። ያለ ክፍያ የመጣ እንግዳ ግን፣ እንግዳ ስለ ሆነ፣ ከመንገድ ዘወር እንዲል ይደረጋል። ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

የአንድ ሴሚስተር ልምምድ

በአገራችን የተግባር ልምምድ የምሕንድስና ዲግሪ አስገዳጅ ክፍል የሆነው በ1998 ዓ.ም. በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የተጀመረው የምሕንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ባስከተለው የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ ነው። ትምህርቱ የአምስት ዓመት ሆኖ፣ አንድ ሴሚስተር ሙሉ በድርጅት ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ። ተማሪው የዕለት መዝገብ ይጽፋል፤ የድርጅቱ ተቆጣጣሪ ይፈርማል፤ የዩኒቨርሲቲው አማካሪ ይጎበኛል፤ በመጨረሻም ጽሑፍ ቀርቦ ነጥብ ይሰጣል። ሐሳቡ ትክክለኛ ነው። የጋፋትን እሳትና የዙሪክን ቀመር በአንድ ለማገናኘት የተደረገ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ሙከራ ነው።

ነገር ግን በዚያው ጊዜ፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 ከመቶው የሳይንስና የቴክኖሎጂ ተማሪዎች እንዲሆኑ ተወሰነ። አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችም በየክልሉ ተከፈቱ። የተማሪው ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ሲበዛ፣ ተቀብለው ሊያስተምሩ የሚችሉት ድርጅቶች ቁጥር በዚያው መጠን አላደገም። ስለዚህ ተማሪው ደብዳቤውን ይዞ ከቢሮ ወደ ቢሮ መዞር ግዴታው ሆነ። እኔም በ2005 ዓ.ም. የአራተኛ ዓመት የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ሳለሁ ሁለት ሳምንት ያህል ዞሬ በመጨረሻ አንድ ትልቅ የሥራ ተቋራጭ ተቀበለኝ። የተመደብሁት በየካ ተራራ ግርጌ በሚሠራ የመኖሪያ ሕንፃዎች ሥራ ላይ ነበር።

ከፊተኛው ወር አብዛኛውን ያሳለፍሁት በቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ ፋይል በማደራጀትና የክፍያ መጠየቂያ ቁጥሮችን በኮምፒዩተር በመሙላት ነው። ሥራ ቦታውን ወርጄ ያየሁት በምሳ ሰዓት ነበር ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በዚያ ቦታ አንድ ሽማግሌ ፎርማን ነበሩ። ሙያቸውን በልጅነታቸው ከግንበኛ አባታቸው ተምረው፣ በኋላም በመንገድ ሥራ ላይ ብዙ ዘመን የኖሩ ሰው ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። እኔን ደግሞ ለቀልድም ለክብርም «ኢንጂነር» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ምሳዬን ስበላ አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ኢንጂነር፣ እዚያ ቢሮ ውስጥ ምን ይሠራል?» አሉኝ። መጠን እንደምሠራ ነገርኋቸው። «መጠኑን ከምን ታነሣለህ?» «ከፕላኑ ነው ጋሼ።» ጥቂት ዝም ብለው፣ «ፕላኑ እኮ ሥራ አይሠራም» አሉና ተነሡ።

ግንቡ

ከሕንፃዎቹ በስተሰሜን ተዳፋቱን ለመያዝ አራት ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የድንጋይ ድጋፍ ግንብ ይሠራ ነበር። ፕላኑ ከግንቡ ጀርባ የጠጠር ማጣሪያ እንዲደረግ፣ በግንቡም ውስጥ የውሃ ማስወጫ ቱቦዎች እየተራራቁ እንዲቀበሩ ያዛል። ግንበኞቹ በጋሼ ተቆጣጣሪነት በሲባጎና በቱንቢ እያስተካከሉ በሚገባ ሠሩት፤ ቱቦዎቹም ተቀበሩ። ጠጠሩ ግን አልመጣም። ክረምቱ እየቀረበ ስለ ሆነና የሥራው መርሐ ግብር ስለ ተጓተተ፣ በዶዘር የተቆፈረው ቀይ ሸክላ አፈር ተመልሶ ከግንቡ ጀርባ ተሞላ። ጋሼ ይህ እንደማይሆን ለአለቆቹ ነግረው ነበር። ጠጠሩ በኋላ ይደረጋል ተባሉ። አፈር ከተሞላ በኋላ ጠጠር ከጀርባው እንዴት እንደሚገባ ግን የነገራቸው አልነበረም።

በእነዚያ ቀናት ቢሮ ውስጥ የክፍያ መጠየቂያ አዘጋጅ ነበር። የጠጠሩን መጠን ከፕላኑ አንሥቼ ርዝመቱን በስፋቱና በከፍታው አባዝቼ ሞላሁ። እንዲህ እንዳደርግ የታዘዝሁ መሆኔ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጠጠሩ አለመኖሩን በዐይኔ ማየት እችል ነበር። ሃምሳ እርምጃ ብራመድ ይበቃ ነበር። አልሄድሁም። በዚያው ቀን በዕለት መዝገቤ ላይ «የድጋፍ ግንብ ሥራ ተከታትያለሁ» ብዬ ጻፍሁ፤ ተፈረመልኝም።

ሐምሌ ሲገባ፣ ልምምዴ ሊያበቃ ሳምንት ሲቀረው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል ባደረ ማግስት ጋሼ ጠርተው ወደ ግንቡ ወሰዱኝ። «ቁጠር» አሉኝ። ቱቦዎቹን ቆጠርሁ። «ስንቱ ያፈሳል?» ተመለከትሁ፤ አንዱም አያፈስም። እንዲያውም ይህን እንደ ጥሩ ነገር ቆጥሬ፣ ግንቡ ደረቅ ነው አልኋቸው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ሌሊቱን የዘነበው ውሃ የት ሄደ?»

ያን ጥያቄ ከሁለት ዓመት በፊት በፈተና ላይ መልሼው ነበር። ከግንብ ጀርባ አራት ሜትር ውሃ ቢቆም ግርጌው ላይ የሚያርፈው ግፊት በካሬ ሜትር አራት ቶን ያህል ነው። በግንቡ አንድ ሜትር ርዝመት ላይ የሚገፋው ጠቅላላ ኀይልም ስምንት ቶን ይሆናል፤ ይህም አፈሩ ራሱ ከሚገፋው በላይ ነው። ኀይሉ ደግሞ በከፍታው ሁለተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ የውሃው ከፍታ እጥፍ ቢሆን ግፊያው አራት እጥፍ ይሆናል። በፈተናው ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ነገር ግን ደረቅ ቱቦ ማለት ውሃውን ያፈነ ግንብ ማለት መሆኑን ያወቅሁት በዚያች ጠዋት ከአንድ ግንበኛ ልጅ ነው።

የጠጠሩ ማጣሪያ ስለ ሌለ ሸክላው ቱቦዎቹን ደፍኗቸው ነበር። በነሐሴ አጋማሽ ከግንቡ አሥር ሜትር ያህሉ በሌሊት ተደረመሰ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የቆሰለ ሰው አልነበረም። በታች የነበረው የዕቃ ማከማቻ ግን ተቀበረ። ወሬውን የሰማሁት ጽሑፌን አቅርቤ ከፍተኛ ነጥብ ከተቀበልሁ በኋላ ነው። ለማየት ሄድሁ። ድንጋዩ እንደ ተገነባ ተያይዞ ወድቋል፤ የግንበኞቹ ሥራ እንከን አልነበረውም። ጥፋቱ ከጀርባው፣ በማይታየው ቦታ ነው። የእኔ ቁጥር ደግሞ በክፍያ ወረቀቱ ላይ ለዘለዓለም ተጽፎ ቀርቷል።

ይህን የምተርከው አለቆቼን ለመክሰስ አይደለም። ሌላውን ሁሉ ትቼ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ልምምዱ ያስተማረኝ ሥርዓቱ እንዲያስተምረኝ ባቀደው መንገድ አይደለም። የፈረመልኝ ሰው አላስተማረኝም፤ ያስተማሩኝ ሰው ደግሞ የመፈረም መብት አልነበራቸውም። በመዝገቤ ላይም ስማቸው የለም፤ በኢልግ ቧንቧ ላይ የሠሩት ሰዎች ስማቸው እንደሌለው ሁሉ።

ከተራራው ጫፍና ከግርጌው

ይህ ማለት አገራችን በትክክል የተሠራ ልምምድ አላየችም ማለት አይደለም። ከዚያው ተራራ ጫፍ ላይ፣ በእንጦጦ የጠፈር ምርምር ማዕከል፣ ሁለት ቴሌስኮፖችና የሳተላይት መቀበያ ጣቢያ ይገኛሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ሳተላይቷ በአብዛኛው በቻይና ገንዘብና በቻይና ተቋም የተሠራች መሆኗ የታወቀ ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ወደዚያው ሄደው ከቻይናውያን ባለሙያዎች ጋር በሥራው ተሳትፈዋል። ጣቢያው በእንጦጦ ላይ እንዲሆን መደረጉም ሥራው በሰው አገር ተጀምሮ በሰው አገር እንዳያልቅ አድርጎታል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ሥርዓቱ ግን የጋፋት ሥርዓት ነው፤ መምህሩና ተማሪው በአንድ ጠረጴዛ ላይ።

ከተራራው ግርጌ በምሥራቅ በኩል ደግሞ አያት አለ። አካባቢው በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ እስኪቋቋም ድረስ ከየካ ጋር ይቆጠር ነበር። በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሥራ የጀመረው 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የከተማ ቀላል ባቡር አንዱ የባቡሮች ማደሪያና መጠገኛ በዚያ ይገኛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን የመሩት የቻይና ድርጅቶች ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያን ነጂዎችና ቴክኒሻኖችም ከእነርሱ ጋር እየሠሩ ሠለጠኑ፤ በኋላም ተረከቡ። ይህ በጎ ነው። ሆኖም ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ከዚህ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። መንዳትንና መጠገንን መማር አንድ ነገር ነው፤ የሚጠገነውን ዕቃ መሥራት መማር ሌላ ነው። የድሬዳዋ ጋራዦች ታሪክ ከመቶ ዓመት በኋላ በአያት የተደገመ ይመስላል፤ እጁ ሠለጠነ፤ መሰላሉ ግን እስከ ንድፍ ክፍሉ አልደረሰም።

ምን እናድርግ?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፤ የዚህ ታሪክ ትምህርት በአጭሩ ሲጠቃለል ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ልምምድ ውል ያስፈልገዋል። ድርጅት ለተለማማጁ ጥቂትም ቢሆን ሲከፍል ነው እንደ ሠራተኛ የሚመለከተው። ሁሉንም ተማሪ በአንድ ጊዜ መቀበል እንደማይቻል አውቃለሁ። ነገር ግን እያንዳንዱ ትልቅ ድርጅት በዓመት ጥቂት ተማሪዎችን በውል ተቀብሎ፣ ከአንድ ሴሚስተር ይልቅ በየዓመቱ እየተመላለሱ እንዲሠሩ ቢያደርግ፣ መቶ ተማሪ ተቀብሎ መቶ ፊርማ ከመስጠት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ የሚፈርመው ያስተማረው ሰው ይሁን። ፎርማኑ፣ ቀያሹ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው ዲግሪ ባይኖራቸውም ስለ ተማሪው የሚያውቁት ነገር አለ። የዕለት መዝገቡ ላይ ለእነርሱ አንድ መስመር ቢተው የሚጠይቀው ወጪ የለም። ተማሪውም «ዛሬ ምን ሠራህ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ዛሬ ከፕላኑ የተለየ ምን አየህ?» የሚለውን እንዲመልስ ቢደረግ፣ እኔ ያልተራመድኋትን ሃምሳ እርምጃ ይራመዳል።

ሦስተኛ፣ ይህ የመንግሥትና የዩኒቨርሲቲ ሥራ ብቻ አይደለም። ከእኛ ውስጥ ብዙዎቻችን ዛሬ የሥራ ቦታ አለቆች፣ ተቆጣጣሪዎችና አማካሪዎች ነን። ደብዳቤ ይዞ በራችን ላይ የሚቆመውን ወጣት ፋይል ወዳለበት ክፍል መላክ ቀላል ነው። እኔም ሥራ የያዝሁ ሰሞን ልክ እንደዚያ አድርጌአለሁ፤ ያንጊዜ የተቀበልሁትን ነው መልሼ የሰጠሁት። ይህ ልማድ የሚቆመው አንዱ ትውልድ ለማቆም ሲወስን ነው።

አሁን በሥሬ የሚመደብ ተለማማጅ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያውን ቀን ቢሮ አላስገባውም። ግንብ ወዳለበት ቦታ ወስጄ ጀርባውን እንዲመለከት አደርጋለሁ። ከዚያም ጋሼ የጠየቁኝን ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። አብዛኞቹ ሲጠየቁ ወደ ግንቡ ያያሉ። ባለፈው ክረምት ግን አንዲት ተማሪ ወደ ግንቡ ሳትመለከት ፊቷን ወደ ተራራው አዞረች፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣ መጀመሪያ ማወቅ አለብኝ አለች። በዕለት መዝገቧ ላይ ደስ ብሎኝ ፈረምሁ።